ከጥቁሩ ክዳን ሥር

ለአሮጌ የስፖርት መኪኖች የሚሸጥ አንድ ትንሽ ዕቃ አለ። መጠኑ ከክብሪት ቀፎ ብዙም አይበልጥም፤ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ይወጡለታል። ሻጮቹ ሲያሞግሱት ጥንካሬውንም ዋጋውንም ይጠቅሳሉ፤ ደጋግመው የሚሉት ግን ሌላ ነገር ነው፦ “ከውጭ አይታይም።” ገዢውም ደስ የሚለው በዚሁ ነው። የስልሳ ዓመት መኪናው ሆድ ዕቃ ውስጥ የዘመኑን ኤሌክትሮኒክስ ይከትና፣ ክዳኑን መልሶ ይገጥምና፣ ኮፈኑን ከፍቶ ለጓደኞቹ “እዩት፣ ልክ ከፋብሪካ እንደ ወጣ!” ይላል።

ለመሆኑ አለመታየት ከመቼ ወዲህ ነው የዕቃ ሙያ የሆነው? የምንደብቀውስ ከማን ነው?

መኪና የማይወድ አንባቢ ይኖራል፤ መብቱ ነው። ጥያቄው ግን ከመኪናም አልፎ ስለሚሄድ ለጥቂት ገጽ ታገሡኝ። መጀመሪያ ክዳኑን እንክፈተው፤ ሳይከፍቱ መፍረድ ደግ አይደለም።

ለምሳሌ የምወስደው ኤምጂ ቢ የሚባለውን የእንግሊዝ መኪና ነው። ከ1962 እስከ 1980 ድረስ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) አቢንግደን በምትባል ትንሽ ከተማ ተሠርቷል፤ ጣሪያ ያለውና የሌለው ተደምሮ ከ500,000 በላይ ወጥቷል። ዝቅ ያለ፣ ባለ ሁለት ወንበር፣ ደመወዝተኛ ተበድሮ ሊገዛው የሚችል የስፖርት መኪና ነበር። ብዙው በመርከብ ተጭኖ አሜሪካ ስለ ሄደ፣ እኔ በምኖርበት በሜሪላንድም ፀሐይ በወጣች ቅዳሜ አንድ ሁለቱን መንገድ ላይ ማየት ብርቅ አይደለም።

ኮፈኑን ስትከፍቱ ከሞተሩ ጎን ጥቁር ክዳን ታያላችሁ፤ ዲስትሪቢዩተሩ ነው። ከክዳኑ አምስት ወፋፍራም ገመዶች ይወጣሉ፤ አራቱ ወደ አራቱ ካንዴላዎች፣ አምስተኛው ወደ ኮይሉ ይሄዳል። ባትሪው የሚሰጠው 12 ቮልት ብቻ ነው። 12 ቮልት ደግሞ በካንዴላው ጫፍ ያለችውን ጠባብ ክፍተት ዘልሎ ቤንዚን ሊያቀጣጥል አይችልም፤ ለዚያ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ያስፈልጋል። ያንን የሚያመጣው ኮይሉ ነው። በውስጡ ሁለት የመዳብ ሽቦ ጥምጥሞች አሉ፤ አንዱ ጥቂት ዙር፣ ሌላው እጅግ ብዙ ዙር። በጥቂቱ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ መግነጢስ ይፈጠራል። ከዚያ በድንገት ይቋረጣል። መግነጢሱ ሲፈርስ በብዙው ጥምጥም ውስጥ ከፍተኛው ቮልት ይነሣና ብልጭታው ይወለዳል። ሲቋረጥ ነው እንግዲህ እሳቱ የሚመጣው፤ ይኼ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል።

የሚያቋርጠው ማነው? ከክዳኑ ሥር ያሉት ሁለት ትንንሽ የብረት ከንፈሮች፣ ኮንታክት የሚባሉት ናቸው። የሚሽከረከር ባለ አራት ማዕዘን ዘንግ ይገፋቸዋል፤ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። ሲከፈቱ በመካከላቸው የሚኖረው ርቀት ከ0.35 እስከ 0.40 ሚሊሜትር ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር እነዚህ ከንፈሮች በሰከንድ 100 ጊዜ ተከፍተው ይዘጋሉ። ይህን አሠራር በ1910 ገደማ ለካዲላክ መኪና ያበጀው ቻርልስ ኬተሪንግ የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለስልሳ ዓመት ያህል የዓለም መኪና ከሞላ ጎደል በዚሁ ነው የተነዳው። አያቶቻችን የተሳፈሩበት ሁሉ።

ከንፈሮቹ ግን ይበላሉ። ብልጭታው ትንሽ በትንሽ ይቆረጥማቸዋል፤ ዘንጉን የሚነካው ተረከዛቸውም ያልቃል። በየጥቂት ሺህ ኪሎሜትሩ ክዳኑን ከፍቶ፣ በቀጭን የብረት ቅጠል ለክቶ፣ በካቻቪቴ ማስተካከል የግድ ነው። ትንሿ ዕቃ የምትመጣው እዚህ ላይ ነው። ከንፈሮቹን አውጥታችሁ እሷን ትገጥማላችሁ፤ ዘንጉ ላይ ደግሞ ማግኔት የያዘ ቀለበት ታጠልቃላችሁ። የሚነካካ ነገር የለም፣ የሚያልቅ የለም። ጠዋት በብርድ ሞተሩ ቶሎ ይነሣል። ኤሌክትሮኒክ ይሻላል የሚለውን ሰው ልከራከረው አልችልም። እንዲያውም ፋብሪካው ራሱ ለአሜሪካ ገበያ በሚልካቸው መኪኖች ላይ ከ1975 ጀምሮ በኤሌክትሮኒክ ተክቶታል። ስለዚህ “ኮንታክት ያልያዘ እውነተኛ ኤምጂ አይደለም” የሚል ካለ ክርክሩ ከእኔ ጋር ሳይሆን ከአቢንግደን ጋር ነው።

ነገሩ መቀየሩ ላይ አይደለም። መደበቁ ላይ ነው።

ፈላስፎች ይህን የመሰለ ጥያቄ ሲያነሡ ወዲያው የሚጠሩት የቴሴዎስን መርከብ ነው። ግሪካዊው ፕሉታርክ እንደ ጻፈው አቴናውያን የጀግናውን መርከብ ለዘመናት ጠበቁት፤ ሳንቃው ሲበሰብስ በአዲስ እየተኩት። ሁሉም ከተተካ በኋላ ያው መርከብ ነው ወይስ ሌላ? በ17ኛው መቶ ዘመን እንግሊዛዊው ቶማስ ሆብስ ነገሩን አከረረው። አንድ ሰው የተጣሉትን አሮጌ ሳንቃዎች ለቃቅሞ በቦታ በቦታቸው ቢገጥማቸውስ? አሁን ሁለት መርከብ አለን። የቴሴዎስ የቱ ነው?

የአሮጌ መኪና ዓለም ይህን ጥያቄ እስከ ፍርድ ቤት አድርሶታል። “ኦልድ ነምበር ዋን” የሚባል የቤንትሊ ውድድር መኪና ነበር፤ በ1929 እና በ1930 የለ ማንን የ24 ሰዓት ውድድር አሸንፏል። በ1932 በብሩክላንድስ ሲወዳደር ከመንገዱ ወጥቶ ሾፌሩ ክላይቭ ደንፊ ሞተ። ከዚያ መኪናው እንደገና ተሠራ፤ አካሉ ተለወጠ፣ በዓመታት ውስጥ ብዙ ነገሩ ተለወጠ። በኋላ ባለቤቱ በ10 ሚሊዮን ፓውንድ ሊሸጠው ተዋዋለ፤ ገዢው ግን “ይኼ እኮ ያ መኪና አይደለም” ብሎ አፈገፈገ። በ1990 የለንደኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ኦተን ፈረዱ። ለ ማን ላይ ከሮጠው ብረት የተረፈው እጅግ ጥቂት መሆኑን አልካዱም፤ ቢሆንም ታሪኩ ሳይቋረጥ የመጣ፣ በየጊዜው ተሠርቶ የኖረ አንድ መኪና ስለ ሆነ በስሙ ሊጠራ ይገባዋል አሉ። ገዢው ተሸነፈ።

መልካም ፍርድ ነው። ሰውም እኮ ከልጅነቱ የተረፈው ሥጋ ጥቂት ነው፤ ስሙን ግን አንነጥቀውም። ብቻ ይህ ሁሉ ጥያቄ የሻጭና የገዢ ጥያቄ መሆኑን ልብ በሉ። ያው ነው? ያው ካልሆነ ስንት ያወጣል? የ10 ሚሊዮን ፓውንድ ክርክር ዳኛ ያገኛል። ከክዳን ሥር ስለ ገባች የክብሪት ቀፎ የምታህል ዕቃ ግን ማንም አይካሰስም። የሥነ ምግባር ጥያቄ የሚጀምረው ደግሞ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው፤ ጠበቃ መቆም የማያዋጣው ቦታ ላይ።

ስለ ቅርስ ጥገና የሚያስቡ ሰዎች ለዚህ ቀረብ ያለ መልስ አላቸው። የሕንፃ ጥገና ባለሙያዎች በ1964 በቬኒስ ባወጡት ቻርተር፣ የጎደለውን ስትተኩ ከሙሉው ጋር ይስማማ፤ ሆኖም ከጥንቱ ተለይቶ እንዲታወቅ አድርጉት ይላል፤ አለበለዚያ ታሪክ ይዋሻል። የአሮጌ መኪኖች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን፣ ፊቫ፣ በ2012 ያጸደቀው የቱሪን ቻርተርም የዚያ ልጅ ነው። የተተካ ዕቃ ዓይን በማይረብሽ ነገር ግን በማይለቅ ምልክት ይለይ፤ የወጣው አሮጌ ዕቃም ይቀመጥ የሚል ምክር አለው። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ነው የሚጠይቁት፦ አይጉላ፣ አይደበቅም።

ቅኔ የለመደ ሰው እዚህ ላይ ሳይነሣብኝ አይቀርም። “ሰምና ወርቅስ መደበቅ አይደል?” ይለኛል። ነው። ባለ ቅኔው ግን ወርቁን የሚቀብረው እንዲገኝ ነው፤ ኅብረ ቃሉ ራሱ “እዚህ ጋ ቆፍር” የሚል ምልክት ነው። ሰሚው ሲያገኘው ባለ ቅኔው አይደነግጥም፣ ይደሰታል። የመኪናው ባለቤትስ? አንድ ሰው ክዳኑን ከፍቶ የገባውን ቢያገኝበት ይደሰታል ወይስ ያፍራል? በዚህ ብቻ ምን ዓይነት መደበቅ እንደ ሆነ መለየት ይቻላል።

ክዳኑን የሚከፍተው ሰው ማነው ታዲያ? ለኤግዚቢሽን የመጣ ተመልካች አይከፍትም። ገዢውም አብዛኛውን ጊዜ ቀለሙንና ዝገቱን አይቶ ይሄዳል። የሚከፍተው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ መኪናው የቆመበት ሰው። ምናልባት ከሃያ ዓመት በኋላ፣ ምናልባት ሌሊት፣ ምናልባት ዝናብ ላይ፣ መብራት በጥርሱ ነክሶ። ይህን ሰው አናውቀውም። እሱም አያውቀንም። የእኛ እጅ የሠራውን ግን በእጁ ይዳስሳል፤ ያመነውን ነገር ተከትሎ ይቆርጣል፣ ይቀጥላል። ዕዳው ለእሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህን እንዳስብ ያደረጉኝ በሠፈሬ የሚኖሩ አንድ አባት ናቸው። በሒሳብ ሠራተኛነት ጡረታ የወጡ ናቸው፤ ጋሼ ብቻ ልበላቸው። በ1966 የተሠራ ቀይ ኤምጂ ቢ አላቸው። ባለፈው ዓመት የማቀጣጠያውን ሽቦ ሙሉ በሙሉ እንደ አዲስ እንዘርጋው ብለው ጠሩኝ። እኔ ስለ ኤሌክትሪክ ትንሽ አውቃለሁ፤ እሳቸው ደግሞ ትዕግሥት አላቸው። ለአንድ መኪና በቂ ነው።

በእንግሊዝ መኪኖች ውስጥ የሽቦ ቀለም ቋንቋ ነው። ቡናማው በቀጥታ ከባትሪ የሚመጣ ነው፤ ቁልፍ ጠፍቶም ኤሌክትሪክ አለበት። ነጩ ቁልፍ ሲከፈት የሚነቃው ነው። አረንጓዴው ከቁልፍ በኋላ በፊውዝ ያለፈ፣ ሐምራዊው ሁልጊዜ ንቁ ሆኖ በፊውዝ ያለፈ፣ ጥቁሩ ወደ ቦዲ የሚመለስ ነው። ከኮይሉ ወደ ኮንታክቱ የሚሄደው ነጭ ሆኖ ጥቁር መስመር አለበት። ይህን የተማረ ሰው መጽሐፍ ሳይገልጥ ከሌላ አህጉር የመጣ፣ አይቶት የማያውቀውን መኪና ያነባል። መስመሩ ራሱ ይነግረዋል፦ ከየት መጣሁ፣ ወዴት እሄዳለሁ፣ ከነካኸኝ ምን እሆናለሁ።

በጋሼ መኪና ውስጥ ያገኘነው ግን ሌላ ነው። ከዳሽቦርዱ ሥር ነጩ ሽቦ ተቆርጦ በቀይ ተቀጥሏል፤ ያለ መጋጠሚያ፣ በጣት ተጠማዝዞ፣ በፕላስተር ተጠቅልሎ። በዚያ ቋንቋ ቀይ የጎንና የኋላ መብራት ሽቦ ነው። የኋላ መብራቱን የሚፈልግ ሰው መጥቶ ያንን ቀይ ቢቆርጥ ሞተሩን ይገድላል። ሞተሩ የሞተበት ሰው ደግሞ ነጩን ሲከታተል ግድግዳ ላይ ይጠፋበታል። እኛም ሁለት ቅዳሜ የፈጀብን እሱ ነው። የሠራው ሰው ክፉ ነው አልልም። ቀይ ሽቦ ነበረው፣ ነጭ አልነበረውም፣ ምሽት ነበር ይሆናል፣ ልጆች ቤት ይጠብቁት ነበር ይሆናል። መኪናውም ተነሥቶለታል። ያን ዕለት በቃው።

ከዚህ የባሰም ነበር። እስከ 1967 ድረስ የተሠሩት ኤምጂ ቢዎች ከዛሬዎቹ መኪኖች በተቃራኒ የባትሪያቸው ፖዘቲቭ ነው ከቦዲ ጋር የሚገናኘው። የጋሼን መኪና አንድ የቀድሞ ባለቤት ዘመናዊ ራዲዮ ለማስገባት ብሎ ይመስላል፣ ገልብጦታል። ሊገለበጥ ይችላል፤ ነውርም አይደለም። ግን አንዲት ቁራጭ ወረቀት እንኳ አልለጠፈም። የመኪናውን መጽሐፍ ያመነ ሰው አዲስ ባትሪ ሲገጥም ፖዘቲቩን ከቦዲ ያገናኛል፤ ያን ጊዜ ራዲዮውም፣ ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ካለም እሱ፣ ለአንድ አፍታ ጢስ አሳይተው ያርፋሉ። በዚያ ላይ ኮይሉ ላይ ያሉት ሁለት ሽቦዎች ቦታ መለዋወጥ ነበረባቸው፤ አልተለዋወጡም። ሞተሩ ይሠራል እኮ። ብልጭታው ግን በተሳሳተ አቅጣጫ ስለሚዘል ደካማ ነው፤ በብርድ ያስቸግራል፣ ዳገት ላይ ይሳሳል። ጋሼ ለዓመታት “አርጅቷል፣ ምን ይደረግ” ሲሉ የኖሩት ለካ እርጅና አይደለም። ተናግሮ የማያልፍ ስሕተት ዕድሜ መስሎ ይቀመጣል።

ለሠሪዎቹ ታማኝ ሁን ይባላል። እሺ፤ ግን ሠሪዎቹ ራሳቸው ሁልጊዜ ግልጽ አልነበሩም። በኋለኞቹ ዓመታት ኤምጂ ቢዎች ላይ ወደ ኮይሉ ከሚሄዱት ሽቦዎች አንዱ ተራ ሽቦ ይመስላል እንጂ አይደለም፤ ቮልቱን የሚቀንስ ረዚስተር ነው፣ በጥቅሉ ውስጥ ተሸፍኖ የሚሄድ። ይህን ሳያውቅ በተራ ሽቦ የተካው ሰው አነስተኛ ቮልት የለመደውን ኮይል ሙሉ 12 ቮልት አብልቶ ያግለዋል። ፋብሪካው የደበቀው ለማታለል አልነበረም፤ ቦታ ለመቆጠብ ነው። ለሚቀጥለው እጅ ግን ውጤቱ ያው ነው፤ ለእሱ የደባቂው ሐሳብ አይደርሰውም፣ የሚደርሰው ሽቦው ብቻ ነው።

ፊውዝም አለ። ከቁልፉ ወደ ኮይሉ የሚሄደው ነጭ ሽቦ በፋብሪካው አሠራር ፊውዝ የለውም። ሽፋኑ ተልጦ ቦዲ ቢነካ ከዳሽቦርድ ሥር የሚቃጠለው ሽቦው ራሱ ነው። ጋሼ ፊውዝ እንጨምር አሉ። እኔ መጀመሪያ ላይ አመነታሁ፤ መሐንዲሶቹ አውቀው ነው የተዉት፣ የፊውዝ ብልሽት ሞተሩን አውራ ጎዳና መሐል እንዳያጠፋው ብለው ይሆናል በሚል። ሁለቱም ወገን የሰው ነፍስ አለበት፤ እሳትም ይገድላል፣ በፈጣን መንገድ መሐል መቆምም ይገድላል። በመጨረሻ ፊውዙ ገባ። ክርክሩ የቀጠለው የት ይቀመጥ በሚለው ላይ ነው። ጋሼ እንዳይታይ ከዳሽቦርዱ ጀርባ አሉ፤ እኔ ኮፈኑ ሲከፈት ፊት ለፊት ይታይ አልኩ። የተደበቀ ፊውዝ ፊውዝ ከሌለ መኪና ይብሳል። ፊውዝ የለውም ብሎ የሚያውቅ ሰው ሌላ ቦታ ይፈልጋል፤ የማያውቀው ፊውዝ የተቃጠለበት ሰው ግን እስኪነጋ ሲፈልግ ያድራል።

ስለ ትንሿ ዕቃም እንደዚሁ ተከራከርን። ክዳኑ ላይ ትንሽ ምልክት እናድርግ፣ ከክዳኑ ሥር ምን እንዳለ፣ ባትሪው እንደ ተገለበጠ የሚናገር፣ አልኳቸው።

“አንተ ልጅ፣ የውስጥ ልብስ ላይ ስም ይጻፋል እንዴ?” አሉኝ።

“ሆስፒታል ሲገቡ ይጻፋል፣ ጋሼ።”

ሳቁ፤ አልተስማሙም ግን። የእሳቸው ሐሳብ ቀላል አይደለም። ያ መኪና ሲታይ አንድ ዘመን መታየት አለበት ነው የሚሉት፤ ወጣት ሆነው በሩቅ ያዩት የነበረው ነገር። ነጭ ወረቀት የተለጠፈበት ሞተር ለእሳቸው የታመመ ሰው ነው። ውበትም ዕዳ ነው፤ ለማየት ለሚመጣ ልጅ የሚከፈል።

አንድ ነገር ግን በእሳቸው በኩል ሆኜ ራሴን ጠየቅሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲ የጠገነ መካኒክ ስለ ሽቦ ቀለም ይጨነቅ ነበር? ላዳ፣ ለማያውቅ፣ ከጣሊያኑ ፊያት 124 የተቀዳች ናት፤ በዚያው በ124 ስም ፊያት ስፓይደር የሚባል ውብ የስፖርት መኪናም ሠርቷል፣ ዛሬ ሰብሳቢዎች የሚያንቆለጳጵሱት። አክስትና የእኅት ልጅ በሏቸው። አንዷ ጋራዥ ውስጥ ጨርቅ ለብሳ ታድራለች፤ ሌላዋ አርጅታም ከፒያሳ ቦሌ ሰው ታመላልሳለች። ከታክሲዋ ኮፈን ሥር ያለው ሽቦ በተገኘው ቀለም የተቀጠለ ነው፤ የስልክ ሽቦ፣ የቤት መብራት ሽቦ፣ ምን ያልሆነ። ያንን መካኒክ ግብረ ገብ የጎደለው ልለው ነው?

አልለውም። እዚያ ሽቦው መናገር አያስፈልገውም፤ ሰውየው ይናገራላ። “ይቺን ማን ሠራት?” ሲባል “እገሌ፣ ከድልድዩ ማዶ ያለው” ይባላል፤ ይጠራል፣ ይመጣል፣ “እሱን አትንካው፣ አረንጓዴዋ ናት የቁልፉ” ይላል። ዕውቀቱ በሰው ውስጥ ነው ያለው፤ ሰውየውም በስልክ ርቀት ላይ ነው። የቃል ባህል ነው። የእንግሊዞቹ የቀለም ሥርዓት ደግሞ ጽሕፈት ነው፤ ጸሐፊው ሞቶም የሚነበብ። የጋራዥ ቋንቋችን ራሱ እንኳ በአፍ የመጣ ነው። ካንዴላ፣ ኮፈን፣ ፍሪሲዮን፣ ሞተሪኖ፣ ካቻቪቴ፤ ጣሊያን ትቶት ሄደ፣ ማንም መዝገበ ቃላት ሳይሰጠን ከአለቃ ወደ ተማሪ ተላለፈ። ችግሩ የሚመጣው የቃል ሰው የጽሕፈት አገር ሲሄድ ነው፤ በመኪና ቋንቋ ስናገር፣ ሠሪው ሩቅ ሆኖ ሥራው ብቻ ሲቀር። የጋሼን ቀይ ሽቦ የቀጠለው ሰው ጎረቤት ቢሆን ኖሮ ሄጄ እጠይቀው ነበር፤ ሻይም ያጠጣኝ ነበር። የለም። መኪናው በአራት ሰው እጅ አልፏል።

አሁን አሁን ደግሞ ክዳኑንም፣ ኮይሉንም፣ ሞተሩንም ጭምር አውጥተው በኤሌክትሪክ ሞተር የሚተኩ አሉ። ጃጓር ራሱ በ2017 ኢ-ታይፕ የተባለውን ዝነኛ መኪናውን በባትሪ የሚሄድ አድርጎ አሳይቷል። ፊቫ እንዲህ የተለወጠን መኪና እንደ ታሪካዊ መኪና አልቆጥርም ባይ ነው። ልብ እንቅለ ተከላ ስለሆነ ይገባኛል። ግን፣ ልቀልድ አይደለም፣ ከክዳን ሥር ከምትገባው ዕቃ ይልቅ ይኼኛው ሐቀኛ ነው፤ ኮፈኑን ሳትከፍቱ ጆሯችሁ ይነግራችኋል።

ሌላው ተቃውሞ፣ እኔንም የሚነካኝ፣ ይህ ነው፦ የሚቀጥለው እጅ ባይኖርስ? ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነጭና ጥቁር መስመር ሽቦ የሚያነብ ሰው ባይተርፍ፣ ቤንዚን ማደያ ባይኖር፣ ምልክቱ ለማን ነው? መልስ የለኝም። ግን ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው አንባቢው በሕይወት መኖሩን አረጋግጦ አይጽፍም።

ከጋሼ ጋር የተስማማነው እንዲህ ነው። ክዳኑ ላይ ምንም አልተለጠፈም፤ ጥቁር እንደ ሆነ ጥቁር ነው። ነጩ ሽቦ ነጭ ሆኗል፣ ነጭና ጥቁሩም በቦታው ተመልሷል፤ ከእንግሊዝ አስመጣነው። ፊውዙ በሚታይ ቦታ ተቀምጧል። ከባትሪው አጠገብ የሽልንግ ያህል ክብ ቆርቆሮ አለች፣ ምሰሶው መገልበጡን የምትናገር። ኤሌክትሮኒክ ዕቃዋ ስትሞት እንደ ኮንታክት ቀስ በቀስ እየተንተባተበች አይደለም፤ በአንድ ጊዜ ነው የምትሄደው፣ በጥፍር ሞረድ አሽተህ ቤትህ የምትደርስባት ዓይነት አይደለችም። ስለዚህ የወጡት አሮጌ ከንፈሮች፣ ኮንደንሰሩ፣ ሁለት ብሎኖችና የ0.35 ሚሊሜትር መለኪያዋ በአንዲት የብስኩት ቆርቆሮ ገብተው ከመቀመጫው ሥር ናቸው። ሆብስ ቢያያት የሚስቅባት ሣጥን ናት። መንገድ ላይ ሃያ ደቂቃ ያለው ሰው መልሶ ሊገጥማቸው ይችላል።

ምን ምን እንደተለወጠ ጋሼ ራሳቸው በዚያ የሒሳብ መዝገብ እጅ ጽሕፈታቸው ጽፈው ሣጥኗ ውስጥ አኖሩት። አየሁት፤ በአማርኛ ነው።

“ጋሼ፣ የሚቀጥለው ሰው አማርኛ ባያነብስ?” አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡ። ወረቀቱን መልሰው አወጡና ከጽሑፉ ሥር እያንዳንዷን ሽቦ በየቀለሟ ሣሉበት።